የግራዝማች ደምለው የክረምት ሚስቶች

አያቶቻችን እየሳቁ ነገሩን፤ እኛም ሳቁን ሳንቀንስ እናቀብላለን። በጮቄ ግርጌ ግራዝማች ደምለው የሚባሉ ማሳቸው ሰፊ፣ እጃቸው ግን ጠባብ የሆነ ሰው ነበሩ። እዚያው ሰፈር አያ ቢተው የሚባል፣ ከምላሱ በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት የሌለው ሰው ይኖር ነበር። በዚያ አገር ልማድ ባልና ሚስት ሲፋቱ ጎተራ የገባውን እህል እኩል ይካፈላሉ፤ ማሳ ላይ የቆመው ግን የባለ መሬቱ ነው። ግራዝማች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ አገሬው በጥር ሲዳር እሳቸው ክረምቱ ሊገባ ሲል ያገባሉ፤ ሚስቲቱ ጤፉን ስታርም ትከርምና አጨዳው ሲቃረብ ባዶ እጇን ትሸኛለች። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ይህንንም ብልሃት ብለው ይኩራሩበት ነበር!

በአንደኛው ሠርጋቸው ላይ አያ ቢተው ጥግ ይዞ ተቀምጦ ሲመለከት ግራዝማች አዩትና «ምነው፣ ሙሽራዬን አትመርቃትም?» አሉት። እሱም ወደ ሙሽራይቱ ዞሮ፣

«እግዜር ለአጨዳ ያድርስሽ፣ ልጄ» አላት።

ሙሽራይቱ ምኑም ሳይገባት አሜን አለች። ግራዝማች ግን ጠጁ ትን አላቸው።

አላደረሳትም። ኅዳር ላይ ተባረረችና ዳኛ ፊት ቆመች፤ አያ ቢተውም አብሯት ቆመ። ዳኛው ከግራዝማች የጠጅ ማዕድ የማይጠፋ ሰው ነበርና ሴትዮዋን ገላምጦ «ገና ከክረምት ያላለፈ ጋብቻ! በዚህች አጭር ጊዜ ምን አፈራሁ ብለሽ ነው ድርሻ የምትጠይቂ?» አላት። አያ ቢተው ቀበል አድርጎ፣

«ጌታዬ፣ ጤፉም የተዘራው እሷ ከገባች ወዲህ ነው፤ እሱ ካፈራ እሷ በምን ቀረች?» አለ።

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ፍርዱ ግን አስቀድሞ ጠጅ የተጠጣበት ፍርድ ነበር፤ ሴትዮዋ እያለቀሰች አገሯ ገባች።

በዓመቱ ግራዝማች ሽማግሌ የላኩት በትርንጎ ላይ ነው፤ ትርንጎ ደግሞ ለአያ ቢተው የሟች እህቱ ልጅ ናት። አባቷ ማዕረግ ሲሰማ የሚቀልጥ ሰው ስለሆነ ሳያቅማማ እሺ አለ። አያ ቢተው መከረ፣ ተቆጣ፣ የሚሰማው አጣ። አንጀቱ አረረ። በመጨረሻ «እንግዲያው የነገር አባቷ እኔ እሆናለሁ» ብሎ ሰማንያው ላይ ገባ። የነገር አባት ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገራቸውን የሚሰማ ነው፤ እሱ ሳይቀመጥ ፍቺ የለም። ግራዝማች የሚያስቡት ስለ አረሙ ብቻ ነበርና ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ትርንጎ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ አጎንብሳ አረመች። ጤፉ ሲደርስ ግራዝማች እንደ ልማዳቸው ለፍቺ ላኩ። አያ ቢተው ሆዴን አለ። ደግመው ላኩ፤ ወገቤን አለ። ሲሰልሱ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ትርንጎ ከቤት ሳትወጣ እህሉ ጎተራ ከገባ ልትካፈል ነው፤ ካልታጨደ ደግሞ መርገፉ ነው። ያ ሁሉ ኩራት ቀርቶ ግራዝማች በየጠዋቱ ማሳው ዳር ወፍ ሲያባርሩ ይታዩ ጀመር። በመጨረሻ ራሳቸው በበቅሎ ገስግሰው ቢመጡ፣ አያ ቢተው ጋቢውን ተከናንቦ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። «አንተ ሰው፣ ጤፌ ረገፈ እኮ! መቼ ነው የሚሻልህ?» ብለው ጮኹበት።

«ጎተራዎ የሞላ ዕለት፣ ጌታዬ።»

ምን ያድርጉ? አሳጨዱ፣ አስወቁ፣ እያቃሰቱ ጎተራ አስገቡ። በማግስቱ አያ ቢተው ዱላውን ይዞ፣ የሰፈሩን ሽማግሎች አስከትሎ ከተፍ አለ፤ ፍቺ የጠየቀችውም ትርንጎ ሆነች። ይህን ጊዜ የግራዝማች አፍ ማር ሆነ። «ምን አስቸኮላት? ዓመት እንኳ አልሞላንም! ወድጃታለሁ፣ ትቆይልኝ» እያሉ ሽማግሎቹን ይማጠኑ ጀመር። ትርንጎ አረም የሰነጣጠቀውን እጇን ዘርግታ አሳየቻቸውና «አልቆይም» አለች። ሽማግሎቹ እህሉን እኩል አካፈሉ። ግራዝማች ግማሹ ጤፍ በአህያ ተጭኖ ከግቢ ሲወጣ እያዩ «ፍቅሬስ? እንዲሁ ሊቀር ነው?» ቢሉ፣ አያ ቢተው አህያውን እየነዳ ዞር አለና፣

«ክረምቱ ሲገባ ሽማግሌ ይላኩ፣ ጌታዬ፤ ያኔ ትርንጎም ለአባቷ ማሳ አራሚ ያስፈልጋታል። ብቻ አይስጉ፣ ከአጨዳ በፊት እንፈታዎታለን።»