ዘፈን የሚፈጭ ወፍጮ

«የራሴ ዘፈን ነው አልኳችሁ» አለች ጦጢት። «ከእማማ ቆቅ ዘፈን አንድ ቃል ካገኛችሁበት ጭራዬን ቁረጡ።»

«ቃሉስ የለም» አለ ሽማግሌው ኤሊ። «ግን የማን እንደሆነ እናውቃለን።»

ይህ የሆነው ድንጋይም እንስሳም በሚነጋገርበት በዚያ በደጉ ዘመን ነው። ያኔ ወንዙ በበጋ አይደርቅም ነበር፤ ዋርካውም አልተቆረጠም። በዚያ ጫካ ደግሞ አንድ ወግ ነበር፤ የሌላውን ዘፈን የሚዘፍን ሁሉ አስቀድሞ የባለቤቱን ስም ይጠራል።

በዚያ ሰሞን እማማ ቆቅን ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘጋ። ጫጩቶቿ ደግሞ ሲመሽ ከወንዙ ማዶ ካለው ሣር ወጥተው የሚመጡት ዘፈኗን ሲሰሙ ብቻ ነው። ቀበሮ ሳይቀድም መጠራት አለባቸው። ስለዚህ «ልጄ፣ በእኔ ፋንታ ጥሪልኝ» ብላ ጦጢትን እንዲህ ስትል አስተማረቻት፦

«ኑ ልጆቼ፣ ግቡ ከቤት፣
ጀንበር ሄደች፣ መጣ ሌሊት፣
ክንፌ ጥላ፣ ክንፌ ሙቀት።»

ጦጢት ግን መመስገን የፈለገችው ራሷ ናት። ዋርካው ሥር ወዳለው አሮጌ ወፍጮ ሄደች። ይህ ወፍጮ ቃል ሲያጎርሱት ፈጭቶ በትርጉም ዘመዱ የሆነ ሌላ ቃል ያወጣል።

«አያ ወፍጮ፣ ይህን ፍጭልኝ።»

«እፈጫለሁ» አለ ወፍጮ። «መፍጨት እንጂ መቅመስ አላውቅም።»

ከኤሊ ጋር የነበረው ጠብም የተነሣው ወፍጮው ፈጭቶ ባወጣው በዚህ ዘፈን ነበር። እየተጨቃጨቁ መሸ። ጦጢት ዋርካው አጠገብ ያለው ጉብታ ላይ ወጥታ ዘፈነች፦

«ድረሱ ዘሮቼ፣ ዝለቁ ከመኖሪያ፣
ፀሐይ ተጓዘች፣ ደረሰ ጨለማ፣
ላባዬ ከለላ፣ ላባዬ ትኩሳት።»

ከሣሩ ውስጥ አንዱ ጫጩት «ማንን ነው ትኩሳት የያዘው?» አለ።

ሁለተኛ ዘፈነች። «እንግዳ ናት፤ ዝም በሉ» አለች ታላቅየዋ።

ሦስተኛ ዘፈነች። አሁን ከሣሩ ጫፍ የቀበሮ ጆሮ ብቅ አለ።

ጦጢት በድንጋጤ የድሮው ዘፈን ጠፋባት። «አያ ወፍጮ፣ መልስልኝ» አለች።

«ዱቄት ተመልሶ ስንዴ ሲሆን አይተሻል?» አለ ወፍጮ።

ከጉብታው ሥር የቆመችው እማማ ቆቅ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ያን ጊዜ ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ አወጣ።

«ይህ የእማማ ቆቅ ዘፈን ነው» አለ። «እሷም ከእናቷ ሰማችው። እኔ ትንሽ ሳለሁ ያቺ እናት እዚህ ጉብታ ላይ ስትዘፍነው እሰማ ነበር።» ከዚያም በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ «ኑ ልጆቼ፣ ግቡ ከቤት» ሲል ጀመረ።

ሣሩ ተንቀሳቀሰ። ጫጩቶቹ እየተንከባለሉ፣ እየተጋፉ ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ ተሻገሩ። ቀበሮ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ሣር ነው።

እማማ ቆቅ ሁሉንም ከክንፏ ሥር ሰብስባ፣ በሹክሹክታ «እናቴ የመጣች መስሎኝ ነበር» አለች።

ወፍጮውም ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። «ባለቤቱ የተካደ ዘፈን ማንንም ወደ ቤት አይጠራም» አለ።

ጦጢት ከጉብታው ወረደች። ጭራዋን በእጇ ሸሽጋ ሄደች።