በሰኔ የመጣው ገና

አንድ ቀን ነው፤ ያውም በሰኔ፣ ደሴ ጉም ለብሳ ሰው ከሰው በማይተያይበት ሰሞን። እንድሪስ አራጋው የሚባል ምላሱ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር የሆነ ሰውዬ ነበር። ልጁን ሰዓዳን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በሰኔ እንደሚመጡ ሚያዝያ ላይ ሲሰማ፣ ለወጉ ብሎ ከአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ሶፋ አዘዘ። «በሳምንት ቤትዎ እናደርሳለን» አሉት። እሱም አምኗቸው አሮጌ ወንበሮቹን ለጎረቤት አከፋፈለ። ሞኝ! ሶፋ ሠሪ ይታመናል እንዴ?

ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩም ሌላ ወር ወለደ። ስልክ ሲደውል አያነሱም። ሲቸግረው የሱቁ ፌስቡክ ላይ ጠዋት ማታ ኮሜንት መጻፍ ያዘ። «ሶፋዬ ገና ነው?» «ኧረ ዛሬም ገና ነው?» «እናንተ ሰዎች፣ ገና ናችሁ እንዴ?» ሲብስበት ደግሞ ዝም ብሎ «ገና! ገና! ገና!» ይላል። እሱን ያዩ ሌሎች ደንበኞችም «አልጋዬስ ገና ነው?»፣ «ቁም ሣጥኔስ ገና?» እያሉ ተከተሉት።

የሱቁ ባለቤት አቶ ጥጋቡ ኮሜንት የሚባል ነገር አያነቡም። ደንበኛው ምን እንደሚወድ ይወቅልኝ ብለው ከአዲስ አበባ ቃለአብ የሚባል አዋቂ ነኝ ባይ አስመጡ። ምን ዋጋ አለው፣ እሱም አያነብም! «ማንበብ ድሮ ቀረ» ይላል። የሰዉን ጽሑፍ ሰብስቦ ለኮምፒውተር ያጎርሳል፤ ኮምፒውተሩም «የቃላት ደመና» ይሠራለታል። ብዙ ጊዜ የተጻፈ ቃል ይገዝፋል፣ አልፎ አልፎ የተጻፈው ይኮሰምናል። ደመናው ተሠርቶ ሲወጣ፣ መሐሉ ላይ ሶፋ የሚያክል አንድ ቃል ጉብ ብሏል፤ «ገና»።

«አቶ ጥጋቡ!» አለ ቃለአብ እየዘለለ። «የሕዝቡ ልብ ያለው ገና በዓል ላይ ነው!»

«በሰኔ?»

«ዳታ አይዋሽም!»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሶፋ መሥራቱ ቀረና ሱቁ በጥድና በብልጭልጭ ተሞላ። አናጢዎቹ ሳይቀሩ ቀይ ኮፍያ ደፉ፣ የምራቸውን እኮ ነው! መሐል ላይ አንድ ቀይ ሶፋ አቁመው፣ ዙሪያውን የባትሪ መብራት ጠመጠሙበት፤ ብልጭ ድርግም ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት እንድሪስ ጃንጥላውን ይዞ ከች አለ። ሽማግሌዎቹ ነገ ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ ያለው መቀመጫ ደግሞ የሚስቱ በርጩማ ብቻ ነው። በንዴት በሩን በርግዶ ሲገባ፣ ቃለአብ ነጭ ጺም ለጥፎ ተቀበለው።

«ማን ልበል ጋሼ?»

«እንድሪስ አራጋው።»

ቃለአብ በደስታ ጮኸ። «አቶ ጥጋቡ፣ ቶሎ ይምጡ! ሰውዬው መጡ! የከተማው ቁጥር አንድ የገና አፍቃሪ!»

እንድሪስ ከኋላው ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። «እኔን ነው?»

«እርስዎን እንጂ! የእርስዎን ያህል ገናን የጠራ የለም። ኮምፒውተሩ የቃላት ደመናውን ሲሠራ ከነስምዎ ነገረን።»

«በዚህ ሰኔ ደመና አነሰንና ነው እናንተ ደግሞ የምትጨምሩልን? ስማ ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ገናን የማውቀው ጎረቤቴ ለምሳ ሲጠራኝ ነው።»

«ይህ ነው እኮ የሚገርመው!» አለ ቃለአብ፣ ጭራሽ እንባ ሊመጣው። «ከሃይማኖትዎ ውጭ ይህን ያህል ፍቅር!»

አቶ ጥጋቡ ከጓዳ እየሮጡ ወጡ። እሳቸውም ኮፍያ ደፍተዋል። ትንሽ ጥድ በሁለት እጃቸው አቅርበው፣ ጎንበስ ብለው፣ «አቶ እንድሪስ፣ እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሰዎ!» አሉት።

እንድሪስ ጥዱን አየ። የቃለአብን ጺም አየ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደመናና መሐሉ ላይ የተጎለተውን የራሱን ቃል አየ። ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለለት።

«ፈጣሪማ መች ዘግይቶ ያውቃል፤ በየዓመቱ በቀኑ ያደርሰኛል!» አለ። «አደርሳለሁ ብላችሁ ያላደረሳችሁት እናንተ ናችሁ!»

አቶ ጥጋቡ ቀስ ብለው ወደ ደመናው ዞሩ። መጀመሪያ አጥብቀው «ገና» አሉ። ቀጥለው አላልተው «ገና...» አሉ። ቀና ብለው ቃለአብን አዩት፤ ቃለአብ ጺሙን መላጥ ጀምሯል። አናጢዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ጥዱ ላይ ወደቁ።

«ቀዩን ሶፋ ጫኑለት!» አሉ አቶ ጥጋቡ ላብ በላብ ሆነው።

«መብራቱን ፈትተን ነው?» አሉ አናጢዎቹ።

«ገና ልትፈቱ ነው? እንዳለ ጫኑት!»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ብልጭ ድርግም በሚለው ሶፋ ላይ ተደርድረው፣ በወጉ ተናግረው ሰዓዳን ጠየቁ። እንድሪስም እንደ ልጅ አባት ትንሽ ሊኮራ አስቦ «መልሱማ ገ...» ብሎ ሲጀምር፣ ሚስቱ ከጓዳ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ያቺን ቃል ዛሬ ትጠራትና እንተያያለን!» አለችው።