ሸህ ኑርዬ የቆለፉት ኪታብ

በአገራችን ስለ ጆሮ የሚተረት አንድ አባባል አለ፤ ብዙ ሰው ይለዋል፣ ከማን አፍ እንደወጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በወሎ ቆላ ሸህ ኑርዬ የሚባሉ የዓረብኛ አስተማሪ ነበሩ። አዲስ ደረሳ ለትምህርት ሲመጣ ኪታቡን ተቀብለው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ከዚያ አንድ ወሬ በዓረብኛ ሦስት ጊዜ ያወሩለታል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ቀጥሎ የያዘውን አጠገቡ ለተቀመጠው ይነግራል፤ በሦስተኛው በዚያው በዓረብኛ «ተነሣ፣ ውሃ ቅዳ» ሲሉት ያሉትን ይሠራል።

«ያመለጣችሁን ቃል አታሳድዱ፤ የያዛችሁትን አትልቀቁ» ይላሉ።

አምስት ወር እንዲህ ሲያልፍ የመንደሩ ሹም አባ ሙሔ ትዕግሥታቸው አለቀ። ልጃቸው ረውዳ ከሸሁ ዘንድ ትማር ነበርና። አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ፣ ከጎረቤት መንደር ሦስት ደረሶች አስመጥተው በሰው ፊት ኪታብ አስነበቡ። ልጆቹ አንበለበሉት።

«አዩ ሸህ?» አሉ አባ ሙሔ። «የእርስዎዎቹ አንድ መስመር ማንበብ አያውቁም። የሚያስተምሩበትን ቤት ከነገ ጀምሮ ለነዚህ ልጆች አስተማሪ ያስረክቡ።»

«ለምን እስከ ነገ?» አሉ ሸሁ ምንጣፋቸውን እየጠቀለሉ። «ቤቱ የመንደሩ ነው፣ ውሰዱት። እኔ ዋርካው ሥር አስተምራለሁ። ጆሯቸው ሳይከፈት ግን ኪታብ አልከፍትም!»

«ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው!» አሉ ሹሙ።

«አባባ፣ እኔም ዋርካው ሥር ነኝ» አለች ረውዳ።

አባቷ ሊቆጧት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አንድ የመናዊ ነጋዴ አቧራ ለብሶ፣ መዳፉ ደምቶ እየሮጠ ደረሰ። ዓረብኛውን እንደ ጎርፍ ለቀቀው። ሦስቱ አንባቢዎች ተያዩ። አንደኛው ወረቀትና ብዕር ዘረጋለት።

«ይጻፍልን፣ እናነበዋለን።»

ሰውየው ወረቀቱን አይቶ አለቀሰ። ለካ ብዕር ጨብጦ አያውቅም።

ረውዳ ግን የውሃ ጉድጓዱን ገመድ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጥላለች።

«ምን አለ?» ጮኹ አባቷ።

«ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይበቃል! ወንድሙ ከድልድዩ ሥር ገደል ገብቷል፤ ገና በሕይወት አለ። ኑ!»

ወንዶቹ ተከትለዋት ሮጡ። የዓስር ሰላት ሳይደርስ ወንድምየው እግሩ ተሰብሮ፣ ነፍሱ ግን ተርፋ ወጣ።

አባ ሙሔ ሲመለሱ ሸሁ ዋርካው ሥር ምንጣፋቸውን ዘርግተው ያስተምራሉ። ሹሙ ምንጣፉን ራሳቸው ጠቅልለው፣ ተሸክመው ወደ ቤቱ መለሱት፤ ከደጃፉም ላይ ቆመው ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ አሉ፦ «ዓይን ቢያነብ ሺህ መስመር፣ እንግዳ የሚገባው በጆሮ በር።»