የሚንጣጣው ሬዲዮና የሚያንኳኳው ሞተር

አንድ ሹፌር አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። የሹፌሩ ስም ተገኔ ነው። መኪናው በቤንዚን የሚሠራ፣ ብዙ ዳገት ያየ፣ ቀለሙ የለቀቀ ነበር፤ ተገኔ ግን በጣም ይሳሳለታል። በጋቢናው መስታወት ዙሪያ የፕላስቲክ አበባ ደርድሮበታል። መሪውን ዘርፍ ያለው ልብስ አልብሶታል። ሬዲዮውም ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል።

ይህ መኪና ሁለት ሕመም ያዘው። ዳገት ሲወጣ ከሞተሩ ውስጥ፣ ብርጭቆ በማንኪያ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ «ቲን ቲን ቲን» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሬዲዮው ደግሞ ሞተሩ ከዳገት ጋር ሲታገል እንደሚቆላ ሽንብራ ይንጣጣል። ተገኔ የሞተሩን ድምፅ ላለመስማት ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። የሬዲዮው መንጣጣት ሲያስመርረው ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ሞተሩን መልሶ ይሰማዋል። እንዲህ አንዱን በአንዱ እየሸፈነ ብዙ ጊዜ ነዳ።

በኋላ ግን የማይሸፈን ጉዳይ መጣ። ልጁ ትርንጎ የተዳረችው ከተራራው ማዶ ነው። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። በአገሩ ልማድ ደግሞ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ ጤና ጣቢያውም ያለው በእናቷ ከተማ ነው። የተራራው መንገድ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል።

«ሞተሩ ዳገቱ ላይ ቢሰበርስ?» አለች ሚስቱ ብርቄ። «ልጄን ገደል አፋፍ ላይ ልታዋልዳት ነው?»

«አሠራዋለሁ አልኩሽ እኮ!» አለ ተገኔ።

በከተማው አንድ መካኒክና አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ቤታቸው ፊት ለፊት ነው፤ ግን አይዋደዱም። መካኒኩ ሙክታር መዶሻውን ሲያነሣ ሬዲዮ ጠጋኙ ፍስሐ በሩን ይዘጋል። ፍስሐ ሬዲዮ ሲሞክር ደግሞ ሙክታር፣ «ይኼ ሰውዬ ዛሬም ጆሯችንን ሊበላው ነው» ይላል።

ተገኔ መጀመሪያ ወደ ሙክታር ሄደ። ሙክታር ገና ጋቢናውን ሲከፍት፣ «ይቺን ለፍላፊ ዝጋልኝ» አለና ሬዲዮውን አዘጋው። ከዚያ ዳገት በሌለው፣ ለጥ ባለው ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን ሰጠ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ድምፅ የለውም።

«ሞተርህስ ከእኔም ይሻላል፣ ጋሼ» አለ። «ጆሮህን ታይ።»

ተገኔ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ፍስሐ ሄደ። ፍስሐ ሬዲዮውን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከራሱ ባትሪ ጋር አገናኘው። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ።

«ምንም አልሆነም» አለ ፍስሐ። «ጤነኛ ሬዲዮ ነው። ያንን ጎረቤቴን ግን እንጃ።»

ተገኔ ሬዲዮውን መልሶ አስገጥሞ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመረ። ከቤቱ በታች ካለችው ዳገት ሲደርስ ሞተሩ ቲን ቲን አለ፤ ሬዲዮውም ተንጣጣ። ብርቄ በር ላይ ቆማ ሰማችው።

«ተሠራ ማለት ይኼ ነው?»

«ሁለቱም ደህና ነው አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ብርቄ ጥቂት አሰበችና፣ «መካኒኩ ሲያዳምጥ ሬዲዮው ክፍት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ዘጋው!»

«ሬዲዮ ጠጋኙስ? ሞተሩ ተነሥቶ ነበር?»

«ሬዲዮውን ነቅሎ ቤቱ አስገባው እንጂ።»

«እንግዲያው ለየብቻ ነው የተጠየቁት» አለች ብርቄ። «ሁለቱ የሚታመሙት አብረው፣ ዳገት ላይ ነው። እስቲ አብረው ይታዩ።»

በማግስቱ ሞተሩ ዳገቱ ላይ እንዲታገል መኪናው ላይ አሸዋ አስጫነች። ሙክታርንና ፍስሐን ለምናም ተቆጥታም ጋቢና ውስጥ አስገባቻቸው። እሷ ራሷ አሸዋው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ክርንህን ሰብስብ» አለ ሙክታር።

«አንተ ሆድህን ሰብስብ» አለ ፍስሐ።

ዳገቱ ጀመረ። ሞተሩ ቲን ቲን ማለት ያዘ። ሬዲዮው ተንጣጣ። ብርቄ ከላይ ሆና የጋቢናውን ጣሪያ በእጇ መታች። «ሰማችሁ?» ብላ ጮኸች።

ሙክታር እጁን ሬዲዮውን ለመዝጋት ዘረጋ፤ ግን ወዲያው መለሰው። «ቆይ፣ ቆይ። ጋሼ፣ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ እስቲ።»

ተገኔ አነሣ። ሁለቱም ድምፆች ጠፉ።

«አሁን ርገጥ።»

ሁለቱም ድምፆች ተመለሱ።

«እኩል ነው የሚመጡት!» አለ ፍስሐ፤ የሙክታርን ሆድ ረስቶታል። «ሬዲዮው እንዲህ የሚለው ቅርቡ ብልጭታ ሲኖር ነው። የሆነ ቦታ እሳት እየዘለለ ነው።»

«እሳት ከዘለለ፣ ነዳጁን ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ገመድ ነው» አለ ሙክታር። «ጋሼ፣ አቁም።»

ዳገቱ ላይ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገብተው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፈቱ። ፀሐይ ስለነበረ ምንም አይታይም። ፍስሐ የተገኔን ጋቢ ተቀበለና ኮፈኑ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋው።

«ከማራገቢያው አርቀው፤ አብሮ እንዳይፈጨን!» አለ ሙክታር። ሦስቱ ወንዶች ጭንቅላታቸውን ጋቢው ሥር አስገቡ። ብርቄም ከአሸዋው ወርዳ፣ «እኔስ?» ብላ በመካከላቸው ገባች።

ሙክታር በእጁ ነዳጅ ሲሰጠው በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። እንደ መርፌ የቀጠነ እሳት ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው ይዘላል። ገመዶቹ ተራርቀው መሄድ ሲገባቸው እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ ጫፋቸው በቀይ ጨርቅ ታስሯል። አጥብቀው ስለተጎነጎኑ እርስ በርስ ተፋፍቀው ልባሳቸው ተበልቷል።

«ሱብሃነላህ!» አለ ሙክታር። «ይኼን ሹሩባ ማን ሠራው?»

ተገኔ ከጋቢው ሥር ሳይወጣ መለሰ። «እኔ ነኝ። ትርንጎ የተዳረች ቀን። በዚህ መኪና ነው የሸኘኋት፤ ውስጡም እንዲያምርላት ብዬ ነው። ልጅ ሳለች ብርቄ ገበያ ስትሄድ ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነበርኩ።»

ማንም አልሳቀበትም። ብርቄ ብቻ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ገመዶቹ ሲጠጋጉ» አለ ሙክታር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለአንዱ ካንዴላ የተላከው እሳት ለጎረቤቱ ይደርሳል። ጎረቤቱ ተራው ሳይደርስ ይቀጣጠላል። ቲን ቲን የሚለው እሱ ነው። እንዲሁ ብትነዳው ፒስተኑ ተራራው ላይ ይበሳ ነበር።»

«ሬዲዮው ደግሞ ያንኑ እሳት ሰምቶ ይነግርህ ነበር» አለ ፍስሐ።

ሙክታር ከጋራዡ አዲስ ገመድ አመጣ። ፍስሐ ገመዶቹ እንዳይነካኩ መለያያ ከጠንካራ ፕላስቲክ ቆርጦ ሠራ። መኪናው በዚያው ዳገት ሲወጣ ሞተሩ አላንኳኳም፤ ሬዲዮውም ጠርቶ አወራ። ቀዩን ጨርቅ ተገኔ መስታወቱ ላይ አሰረው።

በነጋታው ተራራውን ተሻግሮ ትርንጎን አመጣት። በጣም አስቸጋሪው ዳገት ላይ ሲደርሱ አባቷ ጆሮውን ቀሰረ። ትርንጎ የሬዲዮው ወሬ የረበሸው መሰላት።

«አባዬ፣ ልዝጋልህ?»

«ተይው፣ ልጄ» አለ ተገኔ። «እሱ በደንብ ሲያወራ ነው ሞተሩም ደህና መሆኑን የማውቀው።»

ክረምቱ መንገዱን የዘጋው ትርንጎ እናቷ ቤት ከገባች በኋላ ነው። እዚያው ከተማ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

እኛም በቤታችን፣ በጎረቤታችን፣ በጓደኞቻችን መካከል ሁለት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ስንሰማ አንዱን ዝም አሰኝተን ሌላውን እንጠይቃለን። ለየብቻ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አልሆንኩም ይላል፤ ውሸቱንም አይደለም። ሕመሙ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚታየውም አብረው ሲሆኑ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ያሳመማቸው እኛው በፍቅር አጥብቀን ያሰርነው ነገር ይሆናል። ስለዚህ ማንንም ከመዝጋታችን በፊት ሁለቱንም አብረን እናዳምጥ።

እናንተስ አሁን የማንን ድምፅ ላለመስማት የማንን ከፍ አድርጋችኋል?