እልል የማይባልበት ጉብታ

በጨፌዳር ከተማ ሴቶች ሰው ሲቀበሉ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይይዛሉ። ሙሽራ ትምጣ፣ ከስደት የተመለሰ ልጅ ይምጣ፣ መኪናው ደጃፍ ደርሶ ጥሩምባ ቢነፋ እንኳ የመጪው ፊት ሳይታይ እልል የሚል የለም። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ደስታ የማያውቁ ሰዎች ይመስሉታል። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ የተጀመረው በጦርነቱ ዘመን፣ ከአየር ማረፊያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን የአብራሪዎቹ ሚስቶች ከሰዓት በኋላ ጉብታው ላይ ወጥተው የአውሮፕላኖቹን መመለስ ይጠብቁ ነበር። አውሮፕላኖቹ ሁሉም አንድ ዓይነት አመድማ ስለነበሩ፣ አንዱ ሲጎድል የማን ባል እንደጎደለ የሚታወቀው ሌሎቹ አርፈው አብራሪዎቹ በማረፊያው በር ሲወጡ ነበርና፣ ያቺ የመሃል ሰዓት ሴቶቹን ትጨርሳቸው ነበር ይባላል። ከሁሉም ይበልጥ መታገሥ ያልቻለችው የሻምበል ደምሰው ሚስት ትርንጎ ነበረች። አንድ ቀን በአውሮፕላኖቹ ላይ ቁጥር ወደሚጽፈው ሰዓሊ፣ ወደ ማንደፍሮ ቤት ሄደች።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ የደምሰው አውሮፕላን አፍንጫ ላይ የሆነ ነገር ይሳሉልኝ። ከሩቅ የሚለይ።»

«ምን ልሳልልሽ?»

«ቀይ አውራ ዶሮ። ማንም የማይስተው።»

ማንደፍሮ አዛዡን አስፈቅዶ ሳለው። ደምሰው ዶሮውን ሲያይ እየሳቀ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ጓደኞቹም ቀኑ። ብዙም ሳይቆይ በመቶ አለቃ ሽመልስ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ቢጫ ነብር፣ በሌሎቹም ላይ የየራሳቸው አውሬና ወፍ ተሳለ። ሴቶቹ አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ዝቅ ሲሉ ከጉብታው ላይ እየለዩ እልል ማለት ጀመሩ። ጭንቀቱ ግን አልቀነሰም። አሁን እያንዳንዷ የራሷን ሥዕል ብቻ ትፈልጋለች፤ የሌላዋ ቀድሞ ሲመጣ ይከፋታል፤ ይህንንም ለጎረቤቷ ለመናገር ታፍራለች።

ደመና በዋለበት አንድ የሐምሌ ቀን አራት አውሮፕላኖች ሄደው ሁለቱ ተመለሱ። ትርንጎ የሽመልስን ሚስት የጽጌን እጅ ይዛ ቆማ ነበር። ቆይቶ ሦስተኛው ከደመናው ሲወጣ አፍንጫው ቀይ ሆኖ ታየ። ትርንጎ እልልታዋን አቀለጠችው። ወዲያው በእጇ ያለው እጅ የማን እንደሆነ ትዝ ሲላት አቋረጠችው። ነብሩ አልመጣም። ጽጌ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች።

«ይመጣል፤ ዘግይቶ ነው» አለቻት ትርንጎ፣ እሷም ሳታምን፤ ደግፋም ወደ በሩ አወረደቻት።

በበሩ የወጣው ግን ሽመልስ ነበር። ጠዋት የዶሮው ሞተር አልነሳ ስላለ፣ ደምሰው የበረራው መሪ ነውና ነብሩን ይዞ ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ሽመልስ ደግሞ ዶሮው ሲጠገን በእሱ ተከትሏል።

ጽጌ ባሏን ስታይ አፏ ለእልልታ ተከፈተ። ትርንጎ አጠገቧ ቆማለች። ያን ጊዜ ጽጌ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው ይላሉ።

«እልል አልኩ እኮ» አለች ትርንጎ። «ጽጌ፣ እኔ እልል አልኩ እኮ።»

በማግስቱ ማንደፍሮ ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ ዶሮውን ሊያጠፋ ሲል ትርንጎ ደረሰች።

«ይተዉት ጋሽ ማንደፍሮ። ደምሰው ወዶት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ጉብታው ላይ እልል ያለ የለም ይባላል። ሴቶቹ በዝምታ ጠብቀው፣ ከበሩ የሚወጣውን ፊት አይተው ብቻ ይተነፍሱ ጀመር፤ ልማዱም ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ወርዶ ሠርግና ክርስትናው ውስጥ ገባ። ትርንጎም እልል ሳትል ብዙ ዓመት ኖረች። የጽጌ ልጅ ስትዳር ግን፣ ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን ገልጣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ትርንጎን እያየ አፉን ይዞ ሲቆም፣ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እሷ ነበረች ይላሉ።

ዛሬም በጨፌዳር ሠርግ ላይ የመጀመሪያው እልልታ ባል ለሞተባት ሴት ይተዋል። እሷ እስክትጀምር ድረስ፣ ቢዘገይም፣ ሌላው ሁሉ ይጠብቃታል።