ታጥቦ የጠፋ ፊት

ዓመቱ 1984 ነው። ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። ጥሩዓለም ቤቷን ዘግታ አባቷ ቤት መጣች። ባሏ ፈንታ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ዓመት ሆኖታል፤ እዚያ ስላየው ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። በጠየቀችው ቁጥር ተነስቶ ይወጣል። በመጨረሻም እናቱ ዘንድ ሄዶ ቀረ።

«አባ፣ እንዲናገር ምን ላድርግ? ካልነገረኝማ ማንነቱን ሳላውቅ እንዴት አብሬው እኖራለሁ?»

አባቷ አያ ደርሶ ወሬ የሚወዱ ሰው አይደሉም። የዶማ እጀታ እየጠረቡ ነበር።

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ። «ገበሬ ነው። ዝናብ ባጠበው ማሳው ላይ ሁለት ያረጁ የነሐስ ሳንቲሞች አገኘ። አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ ፊትና ጀርባቸው አይለይም። የማን እንደሆኑ ለማወቅ ጓጓ። ሚስቱ ድስት እንደምታሸው አንደኛውን በአመድ፣ በሎሚና በአሸዋ ቀኑን ሙሉ ፈተገው። እንደ ፀሐይ አበራ። ሁለተኛውን ክንዱ ስለዛለ ተወው።

«የጥንት ሳንቲም የሚያነብ አዋቂ ዘንድ ወሰዳቸው። አዋቂው የሚያበራውን አገላብጦ አየና፣ ‹ወንድሜ፣ ይኸ ቁልፍ ነው፤ ኮትህ ላይ ትከለው› አለው።

«‹ምን ቁልፍ! ሳንቲም ነው እንጂ! ትናንት አይደል ያጸዳሁት?›

«‹እሱን ነው የምልህ። የሰው ፊት ነበረበት፤ አጥበህ ጨረስኸው። ነሐስ መሬት ውስጥ ሲከርም ላይኛው ገላው ዝገት ይሆናል። መልኩ የሚቀረው ዝገቱ ላይ ነው።›

«ከዚያ አዋቂው ሁለተኛውን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አልፈተገውም። የጠዋት ፀሐይ በጎን እንድታገኘው አዘንብሎ፣ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ጠበቀ። መጀመሪያ አፍንጫ ታየ። ቆይቶ ጢም። ከዚያም ጠርዙ ላይ ሦስት ፊደል። ‹ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የሮም ንጉሥ። ስሙን ሙሉ አላገኘሁትም› አለ። ገበሬው የሚያበራውን እንደዚያው ፀሐይ ላይ አዘነበለው፤ ምንም አልታየበትም።»

አያ ደርሶ መጥረቢያውን አስቀመጡና ልጃቸውን አዩ።

«ያ ሳንቲም ባልሽ ነው፤ የምትፈትጊው አንቺ ነሽ። ዝምታው ቆሻሻ መስሎሻል። ከጦርነት የተረፈው መልኩ ያለው እዚያው ዝምታው ላይ ነው። አጠገቡ ተቀመጪ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ልቀመጥ ነው እንግዲህ?»

«ከተቀመጥሽ የሆነ ነገር ታያለሽ። ከፈተግሽ የሚታይ አይቀርልሽም።»

ዝናቡ ጋብ ሲል ልጃቸውን ወደ ቤቷ ሸኟት። እሳቸው ግን ወደ ፈንታ እናት ቤት ታጠፉ።

«ጤፍህን አረም ውጦታል፤ ተነስ» አሉት።

እስኪመሽ ጎን ለጎን አረሙ። አንድም ነገር አልጠየቁትም።