የውሃው መልእክት ለማን ይድረስ?

አንድ ዳገታማ መንደር ነበረች። ውሃዋ ከወንዙ ዳር በሞተር ተገፍቶ ዳገቱ አናት ላይ ያለው ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በቧንቧ ለየቤቱ ይወርዳል። ውሃ መቼም ቁልቁለት ይወዳል! ታንከሩ ሲጎድል የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ቀድሞ ይደርቃል፤ የታችኛው ሰፈር ሰው ግን ምንም ሳያውቅ ልብሱን ያጥባል።

ስለዚህ አንድ ባለሙያ ተጠራና ታንከሩ ላይ ሞደም ገጠመ። ሞደም ማለት ሲም ካርድ ጎርሳ፣ አንቴናዋን ቀስራ፣ ውሃው ሲጎድል ወደ ስልክ መልእክት የምትልክ ትንሽ ሣጥን ናት። እጅ የላት፣ አፍ የላት፣ ግን ትናገራለች፤ ጉድ እኮ ነው! ባለሙያው ካርድ ሞላላት፣ ኔትወርክ ፈለገላት፣ መልእክቱ የሚያልፍበትን የቴሌ ማዕከል ቁጥር አስገባላት። በመጨረሻ ቀና አለና፣

«ይቺ የምትይዘው አንድ ስልክ ብቻ ነው። መልእክቱ ለማን ይሂድ?» ሲል ጠየቀ።

«ይሄም ይጠየቃል? ለትልቅ ሰው ነዋ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር የጋሽ ዘርጋው ቁጥር ገባ። መልእክቱ ሲደርሳቸው ወንዙ ዳር የውሃውን ሞተር ለሚጠብቀው ሞተረኛ ደውለው «አስነሳ» ሊሉት ነው። ጋሽ ዘርጋው ደግ ሰው ናቸው፤ ማር ናቸው! ቤታቸው ግን ታች ነው።

አንድ ቀን በላይኛው ሰፈር በምትኖረው በአልጣሽ ቤት ልጇ ወለደች። ጎረቤት ለገንፎ ተጠራ። ዱቄቱ ተነፋ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ቧንቧው ሲከፈት ግን ፉሽሽ... አየር ብቻ! አራሷ ደግሞ ምጥ ከያዛት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ዓይኗ ሰርጉዶ ገንፎውን ትጠብቃለች።

አልጣሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ቁልቁል በረረች። ጋሽ ዘርጋው በረንዳቸው ላይ ስልካቸውን ለእንግዳ ያሳያሉ።

«ነይ አልጣሽ፣ እይልኝማ! ሞደሟ ማልዳ ጻፈችልኝ። ‹ውሃ ጎድሏል› ትላለች። እንዴት እንደምታከብረኝ!»

«ጋሼ፣ ለሞተረኛው ደወሉለት?»

«እንዴ፣ የኛ ቧንቧ እየፈሰሰ እኮ ነው። ከሰዓት እደውላለሁ ብዬ...»

«የእርስዎማ ይፈሳል! እኔ ቤት አራስ በባዶ ሆዷ ተኝታለች። ገንፎውን በእርስዎ ክብር ላገንፋው?»

ጋሽ ዘርጋው ክው አሉ። እዚያው ደወሉ። ሞተሩ ታንከሩን እስኪሞላ ግን አራስ አትጠብቅም፤ ከራሳቸው ቧንቧ ጀሪካን ሞልተው፣ ተሸክመው፣ እያለከለኩ ዳገቱን ወጡ። ሴቶቹ ሲያዩዋቸው በሳቅ ፈረሱ፤ ወዲያው ግን ጀሪካኑን ተቀብለው ድስቱን ጣዱት። ገንፎው ተገነፋ፣ አራሷም በላች፣ እልልታው ቀለጠ።

በማግሥቱ ጋሽ ዘርጋው ባለሙያውን አስጠሩት።

«የእኔን ቁጥር አውጣና የአልጣሽን አስገባ።»

«እሷ እኮ ኮሚቴ አይደለችም» አላቸው።

«ኮሚቴው እኔ ነኝ፤ የምትጠማው ግን እሷ ናት!»

ከዚያ ወዲህ መልእክቱ እንደደረሰ አልጣሽ ትደውላለች፤ ያውም ሞተረኛው ጆሮውን እስኪይዝ ድረስ!

ወገኖቼ፣ የችግር ወሬ ለሚከበረው ሰው ብቻ ሲነገር ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ችግሩ ለሚነካው ሲነገር ግን እግር ያወጣል። ትልቅ ሰው ማለትም ሁሉን ቀድሞ የሚሰማ አይደለም፤ ቀድሞ መስማት ለሚገባው ቦታውን የሚለቅ ነው። እስቲ እናንተም አስቡት፦ በቤታችሁ፣ በማኅበራችሁ፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን ነው?